ጥግ ላይ የተቀመጠች ምስል

የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሰው ይህችን ጨዋታ ያውቃታል። ሙሽራው ከቢዮ አዋሌ ተነሥቶ ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። ውስጧ ሙሽሪት ፀጉር ቤት ተቀምጣለች። ተመልካቹም «እሱ እየመጣ ነው፣ እሷ ገና ናት» ብሎ ይስቃል።

ካሜራው ግን አንድ ነበር! አንድ ካሜራ ደግሞ በአንድ ሰዓት መንገድም ፀጉር ቤትም ሊገኝ አይችልም። ሥራው የአቀናባሪው ነው። በኮምፒዩተሩ አንዱን ምስል ከታች ያነጥፋል፣ ሌላውን ከላይ ያስቀምጥና አሳንሶ ወደ ጥግ ይገፋዋል። የትልቁን ድምፅ ይተዋል፤ የትንሿን ያጠፋል። ሁለቱም ምስሎች እውነት ናቸው። «በአንድ ሰዓት» የሚለውን የጨመረው እሱ ነው።

በሠርግ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ምስልን ከምስል ማገናኘት ግን በአገራችን ዙፋን ሲነቀነቅም አብሮ የነበረ ጥበብ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሲሻሩ እሳቸው ሐረር ነበሩ። ሰልመዋል ለሚለው ክስ ማስረጃ ተብሎ ጥምጥም ያሰሩበት ፎቶግራፍ ይዞር እንደነበርና እሱም በእጅ የተቀናበረ እንደሆነ ይነገራል። ያ ግን የወረቀት ሥራ ነው።

ትልቁ የፊልም ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ዓ.ም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የሱ ፊልም ስለ ረሃቡ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ግብዣ የለበትም። ደርግ ፊልሙን ወስዶ የጃንሆይን ድግስ፣ ኬኩንና ሻምፓኙን፣ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታዩበትን ሁሉ በመሐል በመሐሉ አስገባበት። እንደ ሠርጉ ቪዲዮ ጥግ ላይ አላስቀመጠውም፤ እያፈራረቀ አሳየው እንጂ። ዘዴው ያው ነው። በልዩ ልዩ ቀን የተነሣው የአንድ ቀን መሰለ። የሚራበውና የሚጋበዘው ፊት ለፊት የተቀመጡ ያህል ሆነ።

ፊልሙ በ1967 ዓ.ም የእንቁጣጣሽ ዕለት ማታ ታየ። ጃንሆይም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ መስከረም 2 ከዙፋን ወረዱ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በዚያን ጊዜ ጥቂት ነበር፤ ወሬው ግን ቴሌቪዥን አያስፈልገውም።

ታዲያ ውሸት ነበር እንዴ? እኔ እንዲህ ለማለት እቸገራለሁ። ረሃቡ ነበረ፤ ግብዣውም ነበረ፤ ረሃቡም ተደብቆ ነበር። ደርግ የፈበረከው ምስል የለም፤ ያመጣው አንዱን ከሌላው ጎን ማድረጉን ብቻ ነው። ቁጣውም የተነሣው ከዚያው ነው። ዲምብልቢ ብቻውን ሲያሳይ ሰው አዘነ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ፈረደ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም መግቢያ፣ ደርግ ዐሥረኛ የአብዮት በዓሉንና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። ቴሌቪዥናችንም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ወሎና ትግራይ እንደገና እየተራቡ ነበር። በጥቅምት ወር ማይክል በርክ የኮረምን ንጋት ለቢቢሲ ተመልካች አሳየ። ድግሱንና ኮረምን ጎን ለጎን አድርገው ለዓለም ያቀረቡት ያን ጊዜ የውጭ ጋዜጠኞች ነበሩ። የኛው ቴሌቪዥን የበዓሉን ሰልፍ በቀለም ሲያሳይ፣ ጥግ ላይ ምንም መስኮት አልነበረውም።