ተዋናይና የሕዝቡ ክብር፤ የፖል ሮብሰን ሕይወትና ሥራ

የቴአትር ጨዋታ ለጊዜው ሳቅና እንባ አምጥቶ የሚያልፍ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በመድረክ ላይ የሚቆም ሰው ስለ ራሱ ብቻ አይናገርም፤ ተመልካቹ በርሱ መልክና አነጋገር አንድን ሕዝብ በሙሉ ይመዝናል። ይልቁንም ተመልካቹ ያን ሕዝብ ከቶ አይቶት የማያውቅ እንደ ሆነ፣ በመጋረጃ ላይ ያየውን ሁሉ እንደ እውነተኛ ታሪክ ቈጥሮ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ተዋናይ ባያስበውም አስተማሪ ነው፤ ትምህርቱም እንደ ተቀበለው ድርሻ ደግ ወይም ክፉ ይሆናል። ይህን በገዛ ሕይወታቸው ተፈትነው ካወቁት ሰዎች አንዱ ጥቁሩ አሜሪካዊ ተዋናይና ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ነበረ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፖል ሮብሰን በ1898 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ክፍለ ሀገር፣ ፕሪንስተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በሰሜን ካሮላይና በባርነት ተወልደው ገና በጕብዝና ዕድሜያቸው ከጌታቸው እርሻ ያመለጡ፣ በኋላም ተምረው የወንጌል ሰባኪ የሆኑ ሰው ነበሩ። እናቱ አስተማሪ ነበሩ። እኒህም ሴት ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ከምድጃ የወደቀ ፍም ልብሳቸውን አቀጣጥሎት በዚያው ጠንቅ ሞቱ። አባትየውም ቀደም ሲል ከቤተ ክርስቲያን ሹመታቸው ተነሥተው ስለ ነበር፣ ልጆቻቸውን በጋሪ አመድ እያጋዙ አሳደጉ። ነገር ግን በችግር ምክንያት ከልጆቻቸው ትምህርት ላይ አንድ ቀን ስንኳ አልቀነሱም።

ሮብሰን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ አስተማሪዎቹ የድምፁን ውበትና የአነጋገሩን ኃይል አይተው በመዘምራን ቡድንና በሼክስፒር ድርሰቶች ውስጥ አሰለፉት። የትምህርት ቤቱ አለቃ የጥቁር ልጅ መሻሻል ደስ ባያሰኛቸውም፣ እነዚያ አስተማሪዎች እጁን እንዳልለቀቁ እርሱ ራሱ ከጊዜ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ መስክሯል። በ1915 ዓ.ም. የክፍለ ሀገሩን የነጻ ትምህርት ውድድር በወቅቱ ሳይነገረው ቀርቶ፣ ሌሎች ተማሪዎች ከፍለው የተፈተኑትን የአራት ዓመት ትምህርት እርሱ በአንድ ጊዜ ተፈትኖ አሸነፈ፤ ራትገርስ ወደሚባለውም ኮሌጅ ገባ።

በዚያ ኮሌጅ ከርሱ በፊት የገቡት ጥቁር ተማሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ወደ ኳስ ቡድኑ ለመግባት በቀረበ ጊዜ ባልንጀሮች ይሆኑታል የተባሉት ተጫዋቾች አፍንጫውን ሰበሩት፤ እርሱ ግን ቁስሉ ሲሽር ተመልሶ ሄደ። በ1917ና በ1918 ዓ.ም. ከአገሩ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ተቈጠረ። በ1919 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲጨርስም በጓደኞቹ ስም የስንብቱን ንግግር ያደረገው እርሱ ነበረ። ከዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ። ዳሩ ግን በተቀጠረበት የጠበቆች ቢሮ አንዲት ጸሐፊ፣ ከጥቁር ሰው አፍ የሚወጣውን ቃል አልጽፍም ስላለችው፣ የሕጉን ሥራ ትቶት ወጣ። ፍርድ ቤት ያጣው ጠበቃ መድረክ አገኘ።

በ1924 ዓ.ም. የዩጂን ኦኒልን ሁለት ድርሰቶች ኒው ዮርክ ውስጥ ሲጫወት ስሙ ተሰማ። በአንደኛው ጨዋታ ጥቁር ባልና ነጭ ሚስት አብረው ስለሚታዩ፣ ገና መጋረጃው ሳይከፈት የዛቻ ደብዳቤ ይጐርፍ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጥቁሮች በባርነት ዘመን ያዜሟቸውን መንፈሳውያን መዝሙሮች በአንድ ምሽት አሰማ። እነዚያን ዜማዎች ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር ይቈጥራቸው ስለ ነበር፣ ይህ አድራጎት ለሕዝቡ ትልቅ ክብር ሆነ። በ1930 ዓ.ም. በሎንዶን ሳቮይ ቴአትር ኦቴሎን ተጫወተ። ከርሱ አስቀድሞ በ1833 ዓ.ም. አይራ ኦልድሪጅ የተባለ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ይህንኑ ድርሻ በሎንዶን በኮቬንት ጋርደን ሲጫወት ጋዜጦቹ በቀለሙ ተሳልቀውበት ነበር። በሮብሰን ጊዜ ግን ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ሮብሰን በሎንዶን ሲኖር ከአፍሪካ ተማሪዎች ጋር ተዋወቀ። በዚያ ከተማ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ስዋሂሊንና ሌሎችን የአፍሪካ ቋንቋዎች ማጥናት ጀመረ። ዝናው ከፍ ባለበት ሰዓት እንደ ተማሪ ወንበር ላይ መቀመጡ፣ የአባቶቹን አገር ከሰው ወሬ ሳይሆን ከቋንቋው ሊያውቃት ስለ ፈለገ ነው።

ትልቁም ፈተና የመጣበት በዚህ ጊዜ ነበረ። ዞልታን ኮርዳ የሚባለው የሲኒማ አዘጋጅ የአፍሪካን ዘፈንና ጭፈራ በቦታው ድረስ ሄዶ ካነሣ በኋላ፣ «ሳንደርስ ኦፍ ዘ ሪቨር» በተባለው ፊልም ውስጥ ቦሳምቦ የተባለውን አለቃ ሆኖ እንዲጫወት ሮብሰንን ጠየቀው። ሮብሰንም የአፍሪካ ሥልጣኔ በክብር የሚታይበት ጊዜ ደረሰ ብሎ በደስታ ተቀበለ። ሎንዶን አጠገብ በሼፐርተን የአፍሪካ መንደር የሚመስል ተሠራ፤ በከተማው የሚኖሩ አፍሪካውያንም ለአጃቢነት ተቀጠሩ። ከነዚህም አጃቢዎች መካከል ያን ጊዜ በሎንዶን በትምህርት ላይ የነበሩት ጆሞ ኬንያታ ይገኙ ነበር። የኋላው የኬንያ መሪ በዚያ ፊልም ውስጥ ቈዳ ለብሰው ከሚታዩት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ፊልሙ በ1935 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ዘፈንና ጭፈራ፣ አፍሪካውያን ያለ እንግሊዝ ገዥ አንድ ቀን በሰላም ማደር የማይችሉ ሕፃናት ናቸው ለሚል ስብከት ጌጥ ሆነ። ይህን ስብከት የጨመሩበት በሥራው መጨረሻ ቀኖች እንደ ነበር ሮብሰን ተናግሯል። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ የድካሙ ፍሬ በሌሎች እጅ ተቀደደ። ዘመኑም ነገሩን አከበደው፤ ፊልሙ በታየበት በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር፣ ሥልጣኔ አመጣለሁ እያለ ኢትዮጵያን ወረረ። በመጋረጃ ላይ የተሰበከውና በመርዝ ጋዝ የተፈጸመው አሳብ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነበረ።

ሮብሰን ስሕተቱን አልሸፈነም፤ ያን ፊልም በግልጽ አወገዘው። ቀጥሎም በ1936 ዓ.ም. ሌላ ፊልም ሲሠራ፣ የመጨረሻውን ቅንብር አይቶ የማጽደቅ መብት በውሉ ላይ እንዲጻፍለት አደረገ። በዚያው ዓመት የሐይቲን ነጻ አውጪ ቱሳን ሉቬርቱርን በሎንዶን መድረክ ተጫወተ። የድርሰቱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በወረራው ጊዜ በሎንዶን ለኢትዮጵያ የተቋቋመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር፤ የማኅበሩም ጸሐፊ እነዚያው ኬንያታ ነበሩ። በ1942 ዓ.ም. የተጫወተበት አንድ የሆሊዉድ ፊልም እንደገና ጥቁሮችን ሲያዋርድ ባየ ጊዜም ከሲኒማ ሥራ ጨርሶ ወጣ።

በ1943 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ኦቴሎን ከነጮች ተዋንያን ጋር ተጫወተ። ጨዋታው 296 ጊዜ ታየ፤ በዚያ መድረክ ከሼክስፒር ድርሰቶች ይህን ያህል የቈየ አልነበረም። ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዞርም ጥቁርና ነጭ ተለያይተው በሚቀመጡበት ቴአትር አልጫወትም አለ።

ከጦርነቱ በኋላ በአገሩ ጥቁሮች ያለ ፍርድ ሲሰቀሉ ዝም አላለም፤ ለቅኝ ተገዢዎች ነጻነትና ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለሚደረግ ሰላምም ተናገረ። ስለ ስታሊን ዘመን ግፍ ግን በአደባባይ ቃል አለመተንፈሱ ወዳጆቹን ሳይቀር ያሳዘነ ጕድለት ነው። መንግሥት በ1950 ዓ.ም. ፓስፖርቱን ነጠቀው፤ የዘፈን አዳራሾችም ተዘጉበት። በ1952 ዓ.ም. ወደ ካናዳ መሻገር ስለ ተከለከለ በድንበሩ ላይ በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ወዲያ ማዶ ለተሰበሰበው ሕዝብ ዘፈነ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ድምፁ በውቅያኖስ ሥር በተዘረጋው የስልክ መስመር ተሻግሮ በሎንዶንና በዌልስ ተሰማ። በ1958 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰውን በአሳቡ ምክንያት ፓስፖርት ሊከለክል አይችልም ብሎ በመፍረዱ፣ ሮብሰን ወጣ፤ በሚከተለውም ዓመት በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ለመጨረሻ ጊዜ ኦቴሎን ሆነ። ከዚያ በኋላ ጤናው ታወከ። በ1963 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት የቀድሞው የፊልም አጃቢ የነጻይቱ ኬንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ነበር። ሮብሰን በ1976 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ዐረፈ።

የኳስ ጨዋታ መዝገብ የነሣውን ስፍራ የመለሰለት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ በሕይወት የለም። አስተማሪ ግን ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ጥቅም ከዘገየ ሽልማት ይበልጣል። ተማሪዎች በመጽሐፍም ሆነ በሥዕል ስለ ራሳቸውና ስለ ሌላው ሕዝብ የሚቀርብላቸውን፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ለማን ጥቅም እንደ ተዘጋጀና ምን እንደ ተሰወረበት መጠየቅ ይገባቸዋል። ይህን ጥያቄ ሮብሰን የጠየቀው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ ይቻላል። ለአንዲት አስተማሪ ልጅ፣ በአስተማሪዎችም ተደግፎ መድረክ ለወጣ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይገኝለትም።