ዝግመተ ለውጥን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት

ዝግመተ ለውጥን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት ማለት የዝርያዎችን አመጣጥ፣ መለያየትና መጥፋት እንዲሁም የብዝኃ ሕይወትን ሥርጭት፣ ፕሮግራም ውስጥ በተጻፉ ሕጎች እያስኬዱ መመርመር ነው። ዘዴው ያስፈለገው የዝግመተ ለውጥ ጊዜ ከሰው ዕድሜ ጋር ስለማይመጣጠን ነው። ባዮሎጂስቱ ሪቻርድ ሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1988 በ12 የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ሕዝቦች የጀመረው ዝነኛ ሙከራ እንኳ፣ ከ70,000 ትውልድ በላይ ቢያልፍም፣ ከምድር ታሪክ አንጻር ቅንጣት ያህል ነው። ሲሙሌሽን ያለፈውን ነገር አይመሰክርም። የሚመልሰው «ሕጉ ይህ ቢሆን ምን ይከተላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ስለ ዘርፉ የሚነሱ አብዛኞቹ አለመግባባቶችም ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመጡ ይመስላሉ።

አጀማመር

ዘርፉን ማን ጀመረው በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። አንዳንዶች አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረውን የዘረመል ተመራማሪ አሌክስ ፍሬዘርን ይጠቅሳሉ፤ ፍሬዘር ከ1957 ጀምሮ የዘረመል ሥርዓቶችን በዲጂታል ኮምፒውተር ስለማስመሰል ተከታታይ ጥናቶችን አሳትሟል። ሌሎች ደግሞ ቀዳሚነቱን ሮም ውስጥ ለተወለደው ኖርዌያዊ-ጣሊያናዊ የሒሳብ ሊቅ ለኒልስ ኦል ባሪቼሊ (1912–1993) ይሰጣሉ። የጊዜ ቅደም ተከተሉን ብቻ ከተመለከትን የባሪቼሊ ወገን የሚረታ ይመስላል።

ባሪቼሊ የሠራው ፕሪንስተን በሚገኘው የላቀ ጥናት ተቋም ውስጥ፣ በሒሳብ ሊቁ በጆን ፎን ኖይማን መሪነት በተገነባው ኮምፒውተር ላይ ነው። የማሽኑ ሜሞሪ 5 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ የሃይድሮጂን ቦምብ ስሌቶችም የተሠሩት በዚሁ ማሽን ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ጆርጅ ዳይሰን እንደሚለው፣ ባሪቼሊ ማርች 3 ቀን 1953 ከምሽቱ በአራት ሰዓት ተኩል ግድም የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ወደ ማሽኑ አስገባ። ቁጥሮቹን ያገኘው የመጫወቻ ካርታ በውዞ እየመዘዘ ነበር። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ይፋ ያደረጉት በቀጣዩ ወር ነው፤ ስለዚህ ባሪቼሊ የዝግመተ ለውጥ ሙከራውን ሲጀምር የዘር ውርስ ሞለኪውል አሠራር ገና አልታወቀም ነበር ማለት ይቻላል።

የሙከራው ዓለም በአንድ መስመር የተደረደሩ 512 ቤቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ቤት ባዶ ነው ወይም አንድ ቁጥር ይዟል፤ ቁጥሮቹም እንደ ገበጣ ጠጠር ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። 3 በሚቀጥለው ትውልድ ሦስት ቤት ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ከዜሮ በታች የሆነው -2 ደግሞ ሁለት ቤት ወደ ግራ። ቁጥሩ የሚያርፍበት ቤት ቀድሞ በሌላ ቁጥር ከተያዘ፣ የዚያንም ቁጥር ርቀት ተከትሎ ተጨማሪ ቅጂ ያኖራል። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር፣ ብቻውን የቆመ ቁጥር ቦታ ይለውጣል እንጂ አይበዛም፤ ለመብዛት ጎረቤት ያስፈልገዋል። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች በአንድ ቤት ላይ ሲጋጩ ምን እንደሚሆን የሚወስን ሌላ ሕግም ነበር።

ባሪቼሊ ሕጉን በዚህ መልክ የቀረጸው ሆን ብሎ ነው። ዝግመተ ለውጥ በሚውቴሽንና በተፈጥሮ ምርጦሽ ብቻ አይገለጽም፣ የተለያዩ ፍጥረቶች ተባብረው አንድ አካል መሆናቸውም ትልቅ ድርሻ አለው የሚል እምነት ነበረውና። በሙከራው ውስጥ አብረው የሚባዙ የቁጥር ጥምረቶች ብቅ አሉ፤ ጉዳታቸውን የሚጠግኑና በሌሎች ላይ ጥገኛ የሆኑ ጥምረቶችንም እንዳየ ጽፏል። ነገር ግን ዓለሙ ወጥ ሲሆን አንድ ጥምረት ሁሉንም ቤት ይወርስና ለውጥ ይቆማል። ይህን ሲያይ በተለያዩ ክልሎች የተለያየ ሕግ መደበ፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ሰነበተ። ብዝኃ ሕይወት ልዩ ልዩ አካባቢ ይፈልጋል የሚለው ግኝት፣ በዚህች ጠባብ ማሽን ላይ እንኳ መታየቱ የሚደነቅ ነው።

ውጤቱን በመጀመሪያ ያሳተመው በ1954 በጣሊያንኛ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የተረሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ጥምረቶች «ሕይወት» ናቸው ወይስ የቁጥር ጨዋታ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ተመራማሪው ዴቪድ ፎጀልና ዳይሰን ስሙን መልሰው ካነሱት ወዲህ ተገቢውን ቦታ እያገኘ ነው፤ ሆኖም ብዙ መግቢያ ጽሑፎች አሁንም ይዘሉታል፤ ይህም ተገቢ አይደለም።

የዉድስ ሆል ሞዴል

በ1973 ዴቪድ ራውፕ፣ ስቲቨን ጄይ ጉልድ፣ ቶማስ ሾፕፍና ዳንኤል ሲምበርሎፍ ያሳተሙት ሥራ ነው፤ ስሙን ያገኘው ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉድስ ሆል ከሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ነው። በሞዴሉ ውስጥ እያንዳንዱ የዘር ሐረግ በየጊዜው በዕጣ ብቻ ለሁለት ይከፈላል፣ ይጠፋል ወይም ባለበት ይቀጥላል። ምርጦሽ የሚባል ነገር የለበትም። እንዲያም ሆኖ የወጡት ሥዕሎች በቅሪተ አካል መዝገብ ከሚታዩት የማበብና የመክሰም ቅርጾች ጋር በእጅጉ ይመሳሰሉ ነበር። በ1981 ስቲቨን ስታንሊና ባልደረቦቹ ሞዴሉ የያዘው የሐረግ ቁጥር ከእውነተኛው የዝርያ ብዛት በጣም ያነሰ በመሆኑ ዕጣው ያለ መጠን ጎልቶ እንደታየ ተከራከሩ። ትችቱ ክብደት አለው። ሆኖም ስለ አንድ ቡድን መጥፋት ምክንያት ከመፈለግ በፊት በዕጣ ብቻ ሊሆን ይችል እንደሆነ መጠየቅ የተለመደው ከዚህ ሥራ ወዲህ ነው።

ዲጂታል ፍጥረታት

የኮስታ ሪካን ደን ያጠና የነበረው ኢኮሎጂስት ቶማስ ሬይ በ1990 ቲዬራ የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። የመጀመሪያው «ፍጥረት» 80 ትእዛዞች ያሉት፣ ራሱን የሚቀዳ አጭር ፕሮግራም ነበር። ብዙም ሳይቆይ 45 ትእዛዞች ብቻ ያሉት ጥገኛ ተፈጠረ፤ መቅጃ ክፍሉን ጥሎ የጎረቤቱን ይጠቀማል። ቀጥሎም ጥገኛውን መልሰው የሚበዘብዙ መጡ። ሬይ ጥገኛ እንዲኖር ብሎ የጻፈው ሕግ አልነበረም።

አቪዳ የተባለው ሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም በ1993 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም በቻርልስ ኦፍሪያ፣ በክሪስ አዳሚና በታይተስ ብራውን ተጀመረ። በ2003 ሌንስኪ፣ ኦፍሪያ፣ ሮበርት ፔኖክና አዳሚ በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት የዘርፉ ዋና ማጣቀሻ ሆኗል። ጥያቄው ውስብስብ ችሎታ ከቀላል ችሎታዎች ሊገነባ ይችላል ወይ የሚል ነበር። ቀላል የሎጂክ ተግባራት ሽልማት ባስገኙባቸው 50 ሕዝቦች ውስጥ 23ቱ እጅግ ውስብስቡን ተግባር አዳበሩ። ሽልማቱ ለውስብስቡ ብቻ ሲሆን ግን ከ50ዎቹ አንዱም አልደረሰበትም። ወደዚያ ካደረሱት ሚውቴሽኖች አንዳንዶቹ በተከሰቱበት ጊዜ ጎጂ ነበሩ፤ መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ አለመሆኑን ያሳያል።

የዓይን ዝግመተ ለውጥ

ዳን-ኤሪክ ኒልሰንና ሱዛን ፔልገር በ1994 ዓይን ከብርሃን ተቀባይ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ተነሥቶ በ1,829 ትናንሽ እርምጃዎች፣ ከ364,000 በማይበልጡ ትውልዶች ሊፈጠር እንደሚችል ገምተዋል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በስህተት የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ተብሎ ይጠቀሳል። በእርግጥ ግን ስሌት ነው።

የአህጉራት ሲሙሌሽን

በ2018 ቲያጎ ራንጄል፣ ሮበርት ኮልዌልና ባልደረቦቻቸው የደቡብ አሜሪካን የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ለውጥ መሠረት አድርገው ዝርያዎች ሲፈጠሩ፣ ሲሰደዱና ሲጠፉ አስመሰሉ። ሞዴሉ ከእውነተኛው የዝርያ ካርታ ጋር እንዲገጥም አልተስተካከለም፤ ሆኖም የወጣው ካርታ ከአእዋፍ፣ ከአጥቢዎችና ከዕፀዋት ሥርጭት ጋር ጉልህ መመሳሰል ነበረው።

በ2021 በኦስካር ሃገንና ባልደረቦቹ የቀረበው ጄንሲስ የተሰኘው ፕሮግራም ከዚህ ርቆ በአስር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ለአፍሪካ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው በዚሁ ዓመት የታተመው ሌላው ጥናታቸው ነው፤ የአፍሪካ እርጥብ ደኖች ከአማዞንና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች በዝርያ ለምን ያንሳሉ የሚለውን ያነሳል። በሲሙሌሽኑ መሠረት በሌሎቹ አህጉራት የተራሮች መነሣት አዳዲስ ዝርያዎችን ሲያበዛ፣ በአፍሪካ ደግሞ የአየር ንብረቱ መድረቅ የዝርያዎችን መጥፋት ሳያባብስ አልቀረም።

ትችት

ዋነኛው ትችት፣ የተለያዩ ሂደቶች ተመሳሳይ ሥርጭት ሊያስገኙ ስለሚችሉ፣ የሲሙሌሽኑ ውጤት ከእውነታው ጋር መግጠሙ ብቻውን ሕጉ ትክክል ነው አያሰኝም የሚል ነው። በዲጂታል ፍጥረታት በኩል ደግሞ ቲዬራን የመሳሰሉ ዓለሞች ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ነገር መፍጠር ማቆማቸው ገና ያልተፈታ ችግር ነው።