ስመ ክርስትና የሌለው መዝገብ



ከመካከላችን አንዱ ባረፉ ቀን ካህኑ ለፍትሐት ስመ ክርስትናቸውን ሲጠይቁ ሁላችን ተያየን። የዕድሩን መዝገብ ብንገልጥ ያለው የዓለም ስማቸው ብቻ ነው። እህታቸው ከዳንግላ እስኪደርሱ ጠበቅን። የጎረቤት ስም እንዲህ ካስቸገረ የቅድመ አያትማ እንዴት ሊሆን ነው አልን።

ዱሮ ርስት የሚጠይቅ ሰው እስከ ዋናው አባት ትውልዱን መቁጠር ነበረበት። አገውም አንከሻ ነኝ፣ ባንጃ ነኝ፣ ዚገም ነኝ እያለ ከሰባቱ ቤት የራሱን ይጠራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ርስት ሲቀር ቆጠራውም ላላ። ከመንግሥት መዝገብ እንፈልግ ብንልም፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ቢደነግግም አፈጻጸሙ በዚያው ሕግ ታግዶ ቆይቶ፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ስለዚህ የሚቀረን ደብሩ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ የወጣውን ስም የክርስትና አባት ወይም እናት፣ የንስሐ አባትም ያውቁታል። ታዲያ ገብረ ማርያም ብሎ መጠየቅ ብቻ አያዋጣም፤ ስንቱ ገብረ ማርያም አለ! የዓለም ስሙን፣ የአባቱን ስምና ደብሩን አብሮ መያዝ ነው። አገር ለቆ የሄደ ከሆነ ደግሞ ይዞት የሄደው መሸኛ በገባበት ቀበሌ ማኅደር ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ከየት እንደተነሣ ይናገራል።

እንግዲህ አደራ፦ ከሚቀጥለው ወርኃዊ መዋጮ ጋር የየቤተሰባችሁን ስመ ክርስትናና ደብር ጽፋችሁ አምጡልን። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳሉ ነው መጠየቅ።