ወንዝ ሥራው ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላይ ቆማችሁ “እስቲ ወንዝ ወርደን ጀልባ እንቅዘፍ” ብትሉ የሰማችሁ ሰው ግንባራችሁን ነክቶ ትኩሳታችሁን ይለካል። አይፈረድበትም! ቅርባችን ያለው ወንዝ አቃቂ ነው፤ አቃቂ ደግሞ የአዲስ አበባን የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ግን ይኼ ውኃ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁን የፈጠረው የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀልና በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በተመረቀው የቆቃ ግድብ አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል። በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር በጎማ ጀልባ ሊቀዝፍ የመጣው እዚሁ አዋሽ ላይ ነው። እኛ አፍንጫችንን ይዘን የምንሻገረው ውኃ፣ ታች ወርዶ ባሕር ተሻግረው ለሚመጡ ሰዎች መጫወቻ ሆነ ማለት ነው።

ልጆቹ ከአዋሽ ወደ ኦሞ ዞሩ። ኦሞ ያኔ ግድብ አልነበረበትም፤ አዞና ጉማሬ ግን ሞልቶታል። ላቋቋሙት የጉዞ ድርጅት “ሶቤክ” የሚል ስም ሰጡት፤ የጥንት ግብፆች አዞ አምላክ ስም ነው። ከእነሱ በፊትም በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ ዓባይን በጀልባ ወርዶታል።

“ይኼ የፈረንጅ ቅብጠት ነው” የሚል ካለ ጣና ይሂድ። የደንገል ታንኳ ስንት ዘመን የተቀዘፈበት ውኃ ነው! ዓሣ ማጥመዱም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት የሚባል ዓሣ ባሌ ውስጥ እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ተለቆ ተራብቷል። የሚጠመደው ላባና ክር ጠቅልለው ዝንብ አስመስለው በሠሩት መንጠቆ ነው። ትራውት ግን ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ካላገኘ አይኖርም፤ ዓሣው ራሱ የወንዙ ጤና ምስክር ነው።

ኦሞስ? በ2016 ጊቤ ሦስት ተመረቀ፤ ጀልባዎቹ ይወርዱበት ከነበረው ሸለቆ 150 ኪሎ ሜትር ያህሉ ሐይቅ ሆነ። በየዓመቱ የሚመጣውን ሙላት ጠብቀው የሚዘሩት የታችኛው ኦሞ ሰዎችም ሙላታቸው ቀረባቸው። መብራት አያስፈልግም አልልም፤ 1,870 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ለወንዞቻችን የሰጠናቸው ሥራ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው፦ ወይ መብራት ያመነጫሉ፣ ወይ ቆሻሻ ያጓጉዛሉ። ሳይገደብና ሳይበከል እንዲሁ እንዲፈስ፣ ልጆችም እንዲዋኙበትና እንዲቀዝፉበት ብለን ያስቀመጥነው ወንዝ የቱ ነው?

በ2019 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያቀደ ነው። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ዳርቻው አበባ ለብሶ ውኃው እንደ ጠቆረ ከቀረ፣ ያስዋብነው የፍሳሽ ቦይ ነው። መለኪያችን አበባው አይሁን፤ አንድ የኮዬ ፈጬ ልጅ ሳይታመም እግሩን አቃቂ ውስጥ መንከር መቻሉ ይሁን።