የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የሚኒሞና የማስነሻ ችግሮች

በ1989 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችው ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ የጃፓን ስፖርት መኪና፣ የ1.6 ሊትር ሞተሯ በሚኒሞ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ መዞር አለበት። ቁጥሩ ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚለካው በአየር መለኪያው ውስጥ ባለች ተወዛዋዥ በር ነው፤ ከበሯ ወዲህ በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባው ግን ስለማይቆጠር ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል። ያልጠበቀ የዘይት ክዳን እንኳ ሚኒሞውን ያናጋል፤ ውድ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ክዳኑን መፈተሽ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ያችው በር የነዳጅ ፓምፑንም ታዛለች። ሞተሩ በሞተሪኖ ተነስቶ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ከጠፋ፣ በመመርመሪያው ሳጥን ውስጥ «ኤፍ/ፒ» የተባለውን ጫፍ «ጂኤንዲ» ከተባለው ጋር በሽቦ ማገናኘት ነው። ያኔ ካልጠፋ ጥፋቱ የበሯ ማብሪያ ወይም የሽቦው መስመር ላይ ነው።

ሚኒሞ የሚስተካከለው ሞተሩ ሞቆ፣ በዚያው ሳጥን ውስጥ «ቲኢኤን» ከ«ጂኤንዲ» ጋር ተገናኝቶ ነው። ይህን ሳያደርጉ የሚኒሞ ማስተካከያውን ብሎን ማዞር ከኮምፒውተሩ ጋር ግብግብ መግጠም ነው፤ እሱ መልሶ ያስተካክለዋል።

ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ባትሪና የገመዶቹን ጫፍ ማየት ይቀድማል።

ከሁሉ የሚከፋው በ1990 እና 1991 ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ የሚታየው ነው፦ የክራንክ ዘንጉ አፍንጫ አጭር በመሆኑ ዘንጉን ከፑሊው ጋር የሚያሰልፈው ቁልፍ ቦይ ይበላል። ሞተሩ እየሠራ የፊቱ ፑሊ ሲወላገድ ከታየ፣ የፑሊውን ብሎን ማጥበቅ ብቻውን አያድነውም።