ከወጌሻ እስከ ስፖርት ሐኪም፦ የአንድ ሙያ ታሪክና የእኔ ዕዳ

የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ለመጽሔታችን ስለ ሙያሽ ታሪክ ጻፊልን» ሲለኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ ባለፈው ስንገናኝ አንድ የባቻችን ልጅ የተረበኝ ነገር ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ሕክምና ተምረሽ መጨረሻሽ ወጌሻ?» ነበር ያለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ቃሉ የሚያሳፍር ሆኖ አላገኘሁትም። በእግር ኳስ ሜዳችን ተጫዋች ሲወድቅ ውኃና ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም የምንጠራው «ወጌሻ» ብለን ነው። የተሰበረ የሚጠግነውን፣ የወለቀ የሚመልሰውን የመንደር ባለሙያ ስም ወስደን ለስፖርቱ ሰጠነው። ስሙን ሰጠን እንጂ ሰውየውን ለማስተማር ግን ብዙ ዘገየን።

ይህን ሙያ እንዴት እንደተማርኩት፣ ሙያው ራሱ ከየት እንደመጣና የእኛ ትምህርት ቤት ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ነው የምጽፈው። የአገር ቤቱን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እቀጥላለሁ።

አርሲ፣ 1999 ዓ.ም.

እንደምታስታውሱት በ1998 ከጎንደር ተመርቀን እጣ ስናወጣ ለእኔ አርሲ ደረሰኝ። ጎህ ሳይቀድ መንገዱን ሞልተው የሚሮጡ ልጆች ያሉበት አገር ነው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያበቀለ ምድር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያንን ለሚሮጥ ሕዝብ የሚሆን ምንም ነገር እንዳልተማርኩ ግን ገና አላወቅኩም።

አንድ ቀን የ17 ዓመት ልጅ ከአሰልጣኟ ጋር መጣች። ግራ ቅልጥሟን ካመማት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መጀመሪያ ስትሮጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ስትራመድም ይሰማታል። ራጅ አስነሳኋት፤ ንጹህ ነው። ዳይክሎፌናክ አዘዝኩላትና «አሥር ቀን እረፊ፣ ከዚያ ሩጪ» አልኳት።

«ለውድድሩ እደርሳለሁ ወይ ዶክተር?» አለችኝ።

«ትደርሻለሽ» አልኳት። አሰልጣኟም «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ጨብጦኝ ሄደ።

ደረሰች። ውድድሩ ላይ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቅልጥሟ ተሰበረ። በማግስቱ ተሸክመው ያመጧት እኔው ዘንድ ነው። ሪፈር ጻፍኩላት፤ አጥንቱ ከወራት በኋላ ገጠመ፤ ሩጫዋ ግን እዚያው ቀረ። አባቷ አልተቆጡኝም። «እኛማ ወጌሻ ጋር ልንወስዳት ነበር፤ ሐኪም ይሻላል ብለን ነው» ብቻ አሉኝ።

እኔ ደግሞ ወጌሻን ስረግም የኖርኩ ሰው ነኝ። ኢንተርን ሳለን ተጨንቆ ከታሰረ ቀርከሃ ሥር ጠቁሮ የወጣ እጅና እግር ስንት ጊዜ አይተናል? የዚያን ቀን ግን ልጅቷን የጎዳው ወጌሻ አልነበረም። ባለነጭ ጋዋኗ እኔ ነበርኩ።

ኬፕታውን

ያቺን ልጅ ይዤ ስድስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ በ2005 ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የስፖርት ሳይንስ ተቋሙ ኒውላንድስ በሚባል ሰፈር፣ ከራግቢ ስታዲየሙ አጠገብ ነው። አዲስ መሣሪያ አያለሁ ብዬ ስሄድ መጀመሪያ የገጠመኝ ታሪክ ሆነ።

ጋለን የተባለው የጥንቱ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ157 ጴርጋሞን ውስጥ የግላዲያተሮች ሐኪም ሆኖ ሲሾም የሰውን ጅማትና ጡንቻ ያወቀው ከእነሱ ቁስል ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያው ረጅም ዘመን ተኝቷል ማለት ይቻላል። የስፖርት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1928፣ በሳንሞሪትዝ የክረምት ኦሎምፒክ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር የስፖርት ሕክምና እንደ አንድ ስፔሻሊቲ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እኛ ልንመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረን ማለት ነው። እና እኛ ብቻ አይደለንም የዘገየነው፤ ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

ያላጽናናኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ረጅም ጉዞ የሄዱ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚያማቸው አይቶ ጻፈ። ዛሬ ስትረስ ፍራክቸር የምንለው፣ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣው የአጥንት ስንጥቅ ነው። ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1895፣ ከዚያ 40 ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ያለ ራጅ ያየውን እኔ ራጅ ይዤ አላየሁም። ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል አላውቅማ! «ንጹህ ነው» ያልኩት ፊልሙን እንጂ እግሯን አልነበረም። አውራ ጣቴን በቅልጥሟ ላይ ቀስ አድርጌ ባስኬደው ኖሮ አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ ትጮህ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋቴ ያልጠየቅኳት ጥያቄ ነው፦ «የወር አበባሽ ይመጣል ወይ?» እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሴት ስፖርተኞች ሦስትዮሽ የሚባል ነገር ይታወቃል፤ የምግብ ማነስ፣ የወር አበባ መቅረትና የአጥንት መሳሳት አብረው ይመጣሉ። እኔ ትምህርቴን ላጠናቅቅ ስል፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ነገሩን አስፍተው ወንዶችንም ጨምረውበታል። ጠዋት 20 ኪሎ ሜትር ሮጣ፣ ውኃ ቀድታ፣ በግማሽ እንጀራ የምትውል ልጅ የሚጎድላት ብርታት አይደለም፤ ምግብ ነው። የወር አበባዋ ሲቀር ደግሞ «ሩጫ ላይ ስላለሁ ነው» ብላ ደስ የሚላትም አለች። ሴት ሐኪም ሆኜ እንኳ ያንን መጠየቅ አፍሬ ይሁን ረስቼ አልጠየቅኳትም።

ሦስተኛ ነገር ልጨምር፤ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ደርባንና ፒተርማሪትዝበርግ መካከል 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥበት ኮምሬድስ የተባለ ውድድር አለ። የዚሁ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሰው ቲም ኖክስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ ረጅም ሩጫ ላይ ከመጠን በላይ ውኃ የጠጣ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ወርዶ ራሱን ሊስት እንደሚችል አሳዩ። የወደቀ ሯጭ ሁሉ ውኃ ያጠረው አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን ሯጭ ወደቀ ሲባል እጃችን ወዲያው ግሉኮስ ላይ ነው።

አበበን እንደ ሐኪም ማንበብ

የእኛን ታሪክ ያነበብኩት እዚያው ላይብረሪ ተቀምጬ ነው። በ1957 መስከረም መጀመሪያ ላይ አበበ ቢቂላ ደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ የትርፍ አንጀት ሕመም ጣለውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 አሸነፈ፤ ከገባ በኋላም ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሠራ። ሁላችንም ይህን ስንሰማ አድገናል። ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ትምህርት ግን «የእኛ ሰው ይችለዋል» የሚል ይመስለኛል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይችለዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የሆነውን ብዙ አንናገርም። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች የቅልጥሙ ቀጭን አጥንት ላይ ስብራት አገኙና እስከ ውድድሩ ቀን እንዲያርፍ መከሩት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ሮጠ፤ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ድሉን ማሞ ወልዴ በ2:20:26 አመጣልን። «እረፍ፣ ከዚያ ሩጥ።» ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ ለልጅቷ የሰጠኋት ምክር ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የመኪና አደጋው ደረሰ። አበበ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያንን የህብለ ሰረሰር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 የጀመረው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከእሱ በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በመኝታ ቁስልና በሽንት መሥመር ኢንፌክሽን ይሞታል ተብሎ ነበር የሚተወው። ጉትማን ሕሙማኑን በየሁለት ሰዓቱ አስገለበጠ፤ ከዚያ አልፎ ኳስና ቀስት ሰጣቸው። ስፖርት ለእሱ መዝናኛ ሳይሆን መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ግቢ በዊልቸር ላይ ያሉትን አወዳደረ።

የሚገርመው ይህ ነው፦ አበበ በባዶ እግሩ ሮምን ያስጨበጨበው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። በስምንተኛው ቀን በዚያችው ከተማ የጉትማን ውድድር ተከፈተ፤ 23 አገሮች፣ 400 ያህል ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አበበ ራሱ የዚያ ሐኪም ቤት ታካሚ ሆነ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር ይሳነው ነበር፤ ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። በ1962 በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፤ በ1963 ኖርዌይ ውስጥ ውሻ በሚጎትተው ጋሪ በበረዶ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ41 ዓመቱ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 አረፈ። እግሩን መመለስ ያልቻሉት ሰዎች ስፖርተኛነቱን መለሱለት። በ2013 ነሐሴ ትዕግስት ገዛኸኝ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው በዚያው በቶኪዮ መሆኑን ስሰማ አበበን አስታወስኩ።

ሕክምናው ግን አሁንም ከአገር ውጭ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከሲድኒ በኋላ የአኪለስ ጅማቱን ለመታከም ስዊዘርላንድ መሄድ ነበረበት። ኃይሌ ይችላል፤ የአርሲዋ ልጅ አትችልም።

ሐኪም ብቻውን አይበቃም

ስቶክ ማንዴቪል ያደረገውን ያደረገው በአንድ ሐኪም አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጥ ነርስ፣ ክንድ የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒስት፣ ኳስ የሚወረውር አሰልጣኝ ነበሩ። የዛሬውም ትምህርት የሚከፋፈለው በዚሁ ነው። ሐኪሙ በስፖርት ሕክምና፣ ፊዚዮቴራፒስቱ በስፖርት ፊዚካል ቴራፒ፣ ሌላው በምግብ ይማራል፤ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ለሦስቱም ባለህበት ሆነህ የምትማረው ዲፕሎማ አለው። የፊፋ የእግር ኳስ ሕክምና ዲፕሎማ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ ለወጣት ሐኪሞቻችን ከዚያ ጀምሩ እላለሁ። ጥንቃቄም ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝ አገር «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፣ «ስፖርት ቴራፒስት» የሚለው ግን አይደለም። በስሙ ብቻ ተማምናችሁ ልጅ አትላኩ፤ ምን እንደተማረ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤታችን የሚመጣው። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ሲከፈት ያሠለጠነው ዶክተር አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ነበር። እኛስ ለቲም ትሬኒንግ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ስንወጣ ከነርሱም ከላቦራቶሪውም ጋር አንድ ቤት አልኖርንም? ሽሮው አርሮብን አልተጣላንም? በአገራችን ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ማስተማር የጀመረውም ጎንደር ነው። እኛ ግን ከእነዚያ ልጆች ጋር በኮሪደር ከመተላለፍ በቀር ምን አወራን? አርሲ ሳለሁ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ደውዬ የምጠይቀው ቢኖረኝ ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ምናልባት ሌላ ታሪክ ነበራት።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ስንሰባሰብ ግማሽ ቀን እንመድብ፤ የፊዚዮቴራፒ ምሩቃኑንም እንጥራ፤ አርሲም፣ ሰሜን ሸዋም፣ ጎጃምም ያለን ስልክ እንለዋወጥ። ለአሰልጣኞች የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት እናዘጋጅ፦ ቅልጥም ሲያም ምን ይደረጋል፣ የወር አበባ ሲቀር ለማን ይነገራል፣ ከውድድር በፊት የትኛው መርፌ አይወጋም። ስቴሮይድ መርፌ በቅን ልቦና ወግተን ልጁን በዶፒንግ ማስቀጣት አለና!

ይህን ከመጻፌ በፊት ለአርሲዋ ልጅ ደወልኩላት። አሁን ትዳርም ሱቅም አላት። ልጻፈው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ስሜን ብቻ አይጻፉት ዶክተር» አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና የ11 ዓመት ልጇ ሩጫ መጀመሯን ነገረችኝ። «ቅልጥሜን አመመኝ ትላለች ሰሞኑን። ይምጡና ይዩልኝ እንዳልል ሩቅ ነዎት፤ ማን ጋር ልውሰዳት?»

የሚቀርባትን ሰው ለማግኘት ሦስት ስልክ ደወልኩ። ሦስተኛው የእኛው የጎንደር ልጅ ነበር፤ ፊዚዮቴራፒስት። ልጅቷን በማግስቱ አይቷታል፤ በጣቱ ዳስሶ፣ የምትበላውን ጠይቆ፣ ስድስት ሳምንት ከሩጫ አስወጥቷታል። እናቷ «ለውድድር አትደርስም አለኝ» ብላ ደወለችልኝ፤ ቅር ብሏታል። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ለመገናኘት ያብቃን።