አርጩሜና ምስጋና

ወጣቶች ሆይ፤ መምህር በነበርሁበት ዘመን፣ ተማሪ ሲያጠፋ ከአርጩሜ በቀር ሌላ መድኃኒት ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ተማሪዬ እያረፈደ ቢያስቸግረኝ ደጋግሜ ገረፍሁት። እርሱ ግን ማርፈዱን አልተወም፤ ትምህርቱን ተወ እንጂ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ የአሜሪካዊውን ሊቅ የኤድዋርድ ቶርንዳይክን ታሪክ ሳነብ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ባወጣው ጥናት፣ የተራበች ድመት ሣጥን ውስጥ እየዘጋ ምግቧን ከውጭ ያስቀምጥ ነበር። ድመቲቱም ስትቧጥጥና ስትታገል ሳታስበው መክፈቻውን ትነካና ወጥታ ትበላለች። ነገሩ በተደጋገመ ቍጥር ከንቱው ትግል እየቀረ ሄዶ፣ በመጨረሻ እንደ ገባች ወዲያው ትከፍት ጀመር። ከዚህም ተነሥቶ፣ እርካታ ያስከተለ ሥራ ይጸናል፤ ሥቃይ ያስከተለ ይደክማል ሲል ደነገገ።

ኋላ ግን በሰዎች ላይ ቢመረምር፣ ሽልማት ሥራን የሚያጸናውን ያህል ቅጣት እንደማያደክመው አየ። በ1932ም የቀድሞ ቃሉን አርሞ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ስኪነርም በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዘንግ ስትጫን እግሯን የተመታች አይጥ ለጥቂት ጊዜ ብትታቀብም እንደ ገና ወደ መጫኑ እንደምትመለስ ገለጸ።

ቶርንዳይክ ስሕተቱን ለማረም አላፈረም። እኔ ግን ያ ልጅ ለምን እንደሚያረፍድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ በሰዓቱ በደረሰበትም ቀን አላመሰገንሁትም። እናንተ ታናናሾቻችሁን ስታስተምሩ፣ ጥፋታቸውን ከመጠባበቅ ይልቅ መልካሙን ሥራቸውን አይታችሁ አመስግኑ።